የጉድጓዱ ዳር

ወፍጮ ቤት ወረፋ በያዝኩ ቁጥር አንዷ ትጠይቀኛለች። «ዘሐራ፣ ያ በሽታሽ ምን ነበር አሉ?» ትለኛለች። ማስረዳት ስጀምር ወፍጮው ይነሳና ድምፄን ይውጠዋል። ግማሹን ሰምታ፣ ግማሹን ራሷ ጨምራ ለጎረቤቷ ታወራዋለች። በዚህ ዓይነት በአንዱ መንደር ካንሰር ነበረባት ይባላል፣ በሌላው መንደር አማቷ መርዝ አብልታት ነው ይባላል። ሁለቱም ውሸት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከውሸትም አልፎ ግፍ ነው። እስከ አሥረኛ ክፍል የተማርኩት ለመቼ ነው ብዬ፣ እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው ተነሳሁ።

የምንኖረው ከሸዋ ሮቢት በባጃጅ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ባለቤቴ ሰይድ ማሽላና ሽንኩርት ያርሳል። ልጆቻችንና የሰይድ እናት እማ ሐዋ ከእኛው ጋር ናቸው። እማ ሐዋ እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ጥርሳቸው ሙሉ፣ ምላሳቸውም ስለታም ነበር። አሁን ጥርሱ ሄዷል። ምላሱ ግን አልሐምዱሊላህ ደህና ነው።

ማሽላችንን የምናኖረው እንደ አባቶቻችን በጉድጓድ ነው። ደረቅ መሬት ተመርጦ ይቆፈራል፣ ውስጡ ጭድ ይደረግበታል፣ እህሉ ይሞላና አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ጉድጓዱ ሲከፈት ወዲያው አይገባበትም። የታፈነው አየር ሰው ይገድላልና ተከፍቶ እንዲውል ይተዋል፤ ከዚያ ሰይድ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወርዳል። ከመሃል የሚወጣው ማሽላ ንጹሕ ነው። ከግድግዳውና ከአፉ አካባቢ የሚወጣው ግን ጠቆር ይላል፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሸታል። የመሃሉ ለባል፣ ለልጆች፣ ለእንግዳና ለገበያ ነው። ጉድጓድ በተከፈተ ዕለት የሚጋገረው የመጀመሪያው የመሃል ቂጣም ለአባወራው ይቀርባል። የዳሩ ደግሞ የቤቷ እመቤት ድርሻ ነው። ይህን ሕግ ብሎ የደነገገው ሰው የለም፤ እናቶቻችን ሲያደርጉት አይተን ያደረግነው ነው። እማ ሐዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዳሩን ሲበሉ ኖረው ቤቱን ሲያስረክቡኝ ዳሩንም አብረው አስረከቡኝ።

በዚያ ዓመት እህሉ ጉድጓድ ውስጥ እያለ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። የጉድጓዱ አፍ ተሰንጥቆ ኖሮ ውሃ ሰርጎ ገብቷል። ስንከፍተው የዳሩ እንደ ወትሮው ጥቂት አልነበረም። እርስ በርሱ ተጋግሮ፣ አረንጓዴና ግራጫ ሻጋታ ለብሶ ወጣ። እኔም አሸሁት፣ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሽታው ሲቀንስ ዳነ ብዬ ለብቻው አስፈጨሁት። ጠዋት ሰው ሁሉ ከቤት ከወጣ በኋላ ለራሴ ቂጣ እየጋገርኩ እበላው ጀመር። ይመራል። በበርበሬ አወርደዋለሁ። የአላህ ሲሳይ እንዴት ይጣላል?

መጀመሪያ የጠፋው የምግብ ፍላጎቴ ነው። እኔ ደግሞ መብላት የምወድ ሰው ነኝ፤ ሰይድ «አንቺን ከማብላት በሬ ማድለብ ይቀላል» እያለ የሚቀልድብኝ ነኝ። ምግብ ሲሸተኝ መሸሽ ስጀምር ያረገዝኩ መስሎት በሆዱ ተደስቶ ነበር። ቀጥሎ ድካም መጣ። ውሃ ቀድቼ ስመለስ መንገድ ላይ እቀመጣለሁ። በቀኝ ጎኔ በኩል ከጎድን አጥንቴ ሥር የሆነ ነገር ይከብደኛል።

እኛ አገር ደከመኝ ያለ ሰው ሁሉ ወባ ነው የያዘው። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ሰጠሁ፣ ወባ የለም ተባለ። ሸዋ ሮቢት ወርጄ አንድ ክሊኒክ ገባሁ፣ ታይፎይድ ነው አሉኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ አልተሻለኝም። ሌላ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አሉኝ። ያንንም ዋጥኩ። እነሱን አልወቅስም፤ ጠይቀውኝ የመለስኩላቸው ያንኑ ድካሜንና ጎኔን ብቻ ነው። ግን ለሚያነብ ሰው ልናገር፣ መድኃኒት ጨርሰሽ ካልተሻለሽ ወደ ሌላ ክሊኒክ እየዞርሽ ሌላ ከረጢት አትሸከሚ፤ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ጻፉልኝ በይ።

ከእነዚያ ክሊኒኮች የማልረሳት አንዲት ሴት አለች። ሙቀቱ ግድግዳውን የሚያቀልጥ ቀን ነበር፣ አግዳሚው ላይ ተደግፌ ላብ ያጠምቀኛል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እሷም በሽተኛ ናት፤ ካርዷን እንደ ማራገቢያ ይዛ ራሷን ትታ እኔን ታራግበኝ ነበር። ስሟን አልጠየቅኳትም። ዱዓ ሳደርግ «ያቺ ባለ ካርዷ» እያልኩ አነሳታለሁ፣ አላህ ያውቃታል።

ሌሊቱ ከቀኑ ይብስ ነበር። ሰውነቴን ያሳክከኛል፣ እንቅልፍ የለም። ልጆቹ ሲተነፍሱ እየሰማሁ እነዚህን ማን ያሳድጋቸዋል እያልኩ አስባለሁ። ትልቋ ልጄ አንድ ጠዋት ፊቴን አይታ «እማዬ፣ ዓይንሽ ለምን እንደ እርድ ሆነ?» አለችኝ። መስታወት አመጣሁ። እውነቷን ነበር፣ የዓይኔ ነጩ ቢጫ ሆኗል።

«የወፍ በሽታ ነው» አሉ እማ ሐዋ። ካራቆሬ በኩል የወፍ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አለ ተብሎ፣ ሰው ልከው ሥር አስመጡ። ራሳቸው ወቅጠው፣ ራሳቸው በጥብጠው ሰጡኝ። አንድ ጉንጭ እንደዋጥኩ ሐሞቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ። እማ ሐዋ ራሴን ደግፈው ይዘው ያለቅሱ ነበር። ያ አንድ ጉንጭ በኋላ ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ሁለታችንም አላወቅንም።

ደብረ ሲና የምትኖር ታላቅ እህት አለችኝ፣ እትዬ ፋጡማ። ሱቅ አላት፣ ገንዘብም ቁጣም አያንሳትም። መታመሜን ሰምታ መጣችና «ይህ ሙቀት ነው የሚገድልሽ» ብላ ይዛኝ ወጣች። ደብረ ሲና ብርዱ ደስ አለኝ። የእሷን ቤት የገብስ ቂንጬ፣ ድንች፣ ሾርባ በላሁ። ጥቂት ሳምንት እንደቆየሁ ዓይኔ እየጠራ፣ ጎኔ እየቀለለ መጣ። ሰይድ ሊወስደኝ ሲመጣ በእግሬ ሄጄ ከመናኸሪያ ተቀበልኩት።

ቤቴ ተመለስኩ። የቤቴን ምግብ በላሁ። ተመልሶ አመመኝ።

እትዬ ፋጡማ ድጋሚ ወሰደችኝ፣ ድጋሚ ተሻለኝ። ድጋሚ ስመለስ ድጋሚ ወደቅኩ፤ በዚህኛው ግን እግሬም አበጠ። አንዳንዱ ቤቱ ውስጥ ጅኒ አለ አለ። እትዬ ፋጡማ ጅኒ አትፈራም፣ የምትፈራው ሰው ነው። መጥታ ሰይድና እናቱ በተቀመጡበት እንዲህ አለች፦

«እኔ ዘንድ ስትሆን ትድናለች፣ እዚህ ስትመጣ ትሞታለች። ከእናንተ ቤት የሚያበላት አለ ማለት ነው። ያንን ሥር በጥብጦ የሰጣት ማን ነው?»

«እትዬ፣ ተይ» አልኳት።

«አልተውም። ሰይድ፣ እህቴን ሬሳ አድርገህ ከምትልክልኝ በቁሟ ፍታልኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እማ ሐዋ፣ እኚያ ለሁሉ መልስ ያላቸው ሴት፣ ተነስተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕድ ቤት መግባት ተዉ። ውሃ ስጠማ እንኳ ልጄን ጠርተው «ለእናትሽ ስጫት» ይላሉ እንጂ ጣሳውን በእጃቸው አይነኩም። ሰይድ በእናቱና በእኔ መካከል ሆኖ ከሳ። የራሴን ሞት ያህል የሚያስፈራኝ ይህ ሆነ፤ ብሞት መርዝ አበላች የሚለው ስም ምንም ጥፋት የሌለባቸው ሴት ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ልጆቼም አያታቸውን እየፈሩ ያድጋሉ።

በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተጻፈልኝ። ሰይድ ፍየሎቹን ሸጦ መሄጃ አዘጋጀ። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ሳለ እማ ሐዋ ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና ገቡ።

«እማ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«እኔም እሄዳለሁ። ሐኪሙ መርዝ ነው ካለ ፊቴ ይበለው።»

ደብረ ሲና ላይ እትዬ ፋጡማ ተሳፈረች። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ብርሃን ደረስን።

ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንቴ ገባ። ሁለቱ ሴቶች አግዳሚው ላይ በግራና በቀኜ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን አዙረዋል። መንቀጥቀጥ ስጀምር እትዬ ፋጡማ ፎጣዋን አውልቃ ደረበችልኝ። ትንሽ ቆይቶ በሌላው በኩል የእማ ሐዋ ነጠላ ተደረበልኝ። እርስ በርሳቸው አልተያዩም። እኔ ግን መሃል ሆኜ ሞቀኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ደም ወሰዱ፣ ሆዴን በአልትራሳውንድ አዩ። ጉበቴ ተቆጥቷል፣ ደግነቱ እባጭ የለውም። የጉበት ቫይረስ የሚባሉትም አልተገኙብኝም። «አልኮል ትጠጫለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የሐጂ ልጅ ነኝ» አልኳት። ሳቀችና ጻፈች።

ሥሩን ነገርናት። «እሱንም ዳግመኛ አትንኪ፣ ለጉበት አይሆንም። ግን አንድ ጉንጭ ይህን ሁሉ ወር አያመላልስሽም» አለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቤትሽ ስትሆኚ ያምሻል፣ ደብረ ሲና ስትሄጂ ይሻልሻል። ቤትሽ የምትበይው፣ እዚያ የማትበይው ምንድን ነው?»

«ሁላችንም የምንበላው አንድ ነው» አልኩ። ዋሽቼ አልነበረም። የዳር እህል ከመብል ተቆጥሮ ሐኪም ፊት የሚነገር ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ደግሞስ የባሌን ቤት እህል ያጠረው አስመስሎ ማን ያወራል?

ሰይድም «እውነቷን ነው። እኔም ልጆቹም ከአንድ ጉድጓድ ነው የምንበላው። ማንንም አላመመም» አለ።

እትዬ ፋጡማ ቀና ብላ እማ ሐዋን አየቻቸው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ መሸሸጌንም ያላወቅኩ ሰው ነበርኩ። ያወቁት እማ ሐዋ ናቸው።

«ጉድጓዱ አንድ ነው» አሉ። «እህሉ ግን አንድ አይደለም። የዳሩን የምትበላው እሷ ናት።»

«የምን ዳር?» አለ ሰይድ።

ወላሂ፣ በሕመሜ መሃል ሳቄ መጣ። በየዓመቱ በገመድ ታስሮ ጉድጓድ የሚወርደው እሱ፣ የሻገተውን ከግድግዳው እየፋቀ የሚያወጣልን እሱ፤ ያ እህል የት እንደሚገባ ግን በእናቱም ጊዜ፣ በእኔም ጊዜ አስቦ አያውቅም።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እማ ሐዋ አዞረች። ምን እንደሚመስል፣ ስንት ጊዜ እንደሚበላ፣ ዝናቡ መቼ እንደገባ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ከዚያ ለሁላችንም አስረዳችን። ሻጋታ እህል ላይ ሲያድግ የራሱን ኬሚካል ያመነጫል። እርጥብ እህል ላይ ከሚበቅለው አንዱ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ይባላል፤ ጉበት የሚመርዝ ነው። ሻጋታው ታጥቦ ቢሄድም ኬሚካሉ እህሉ ውስጥ ይቀራል፣ ማሰጣትም መጋገርም አያጠፋውም።

«ታዲያ እኔ ስበላው አልኖርኩም?» አሉ እማ ሐዋ።

«እማማ፣ በእርስዎ ጊዜ ጥቂትና ደረቅ ሆኖ ይሆናል። ዘንድሮ ውሃ ገብቶበታል። እርስዎም ቢሆኑ አላህ ነው የጠበቀዎት።»

«አይብ ሲሻግት ፍቀን እንበላ የለ?»

«እሱም ባይበላ ጥሩ ነው። ሻጋታ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በውጭ አገር መርጠው፣ ተጠንቅቀው አይብ ላይ ሆን ብለው የሚያበቅሉት አለ። ፔኒሲሊን የሚባለው መድኃኒትም የተገኘው ከሻጋታ ነው። ሳይጠሩት የመጣውን ሻጋታ ግን ደጉን ከክፉው በዓይን አንለየውም።»

እማ ሐዋ ወደ እኛ ዞሩ። «ፈረንጅ በገንዘቡ ሻጋታ ገዝቶ ይበላል?» አሉ።

እትዬ ፋጡማ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት።

ሐኪሟ ሐቀኛ ነበረች። «እህሉን የምመረምርበት መሣሪያ እዚህ የለኝም፣ ስለዚህ በእርግጠኝነት እሱ ነው ብዬ አልምልልሽም» አለችኝ። «ነገር ግን ታሪክሽ ወደዚያ ይመራል። የዳሩን አቁሚና በቀጠሮሽ ነይ፣ ደምሽን እናያለን።» ልንወጣ ስንል የተረፈውን ምን እንደምናደርገው ጠየቀችን። ለላሟ እንሰጠዋለን አልናት። ለላሟም እንዳይሰጥ፣ በወተቷ ተመልሶ ወደ ልጆቻችን እንደሚመጣ ነገረችን። ስለ ራሴ ከሰማሁት ይልቅ በዚህ ደነገጥኩ።

እንግዲህ መርዝ መሆኑስ መርዝ ነበር። ያበላኝ ሰው ግን አልነበረም።

በረንዳው ላይ እትዬ ፋጡማ እማ ሐዋ ጉልበት ላይ ተደፋች። «አውፍ ይበሉኝ፣ እማ። ስምዎን አጠፋሁ» አለቻቸው።

«ተነሺ ልጄ፣ መሬቱ ይበርዳል» አሉ እማ ሐዋ። «እኔም ብሆን የዳሩን ያስለመድኳት ነኝ። አውፍ እንባባል።» ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ሰይድ ሞኝነት ሲያወሩ ደብረ ሲና ደረሱ።

የተረፈው የዳር እህል ነገር ቀላል አልነበረም። ሰይድ ሊያቃጥለው ፈለገ፣ እኔ ሲሳይ በእሳት ይቃጠላል ወይ ብዬ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የፈረዱት እማ ሐዋ ናቸው። «እህል ሲያበላ ሲሳይ ነው። ሰው የሚገድል ከሆነ ግን ሞቷል። የሞተ ደግሞ ይቀበራል» አሉ። ሰይድ ከቤት ራቅ አድርጎ ጥልቅ አድርጎ ቆፈረ። ዶሮና ከብት እንዳይደርስበት አፈሩን ያለበሱት እማ ሐዋ ናቸው፣ የመጀመሪያውን እፍኝ ቢስሚላህ ብለው።

መዳኑ ቶሎ አልሆነም፤ ይህን ተስፋ ለሚቆርጥ ሰው ነው የምለው። መጀመሪያ ማሳከኩ ተወኝ፣ ቀጥሎ የእግሬ እብጠት ጎደለ። ዓይኔ ቆይቶ ጠራ። በየቀጠሮው ደሜ እየተሻሻለ መጣ። ረሃብ ግን አልመጣም፤ ለመኖር ብዬ እንጂ ወድጄ አልበላም ነበር። አንድ ቀን ዘመድ ሞቶብን ለተዕዝያ ጀውሃ ሄድን። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከሚቆሙባቸው ምግብ ቤቶች አጠገብ ስንወርድ የጥብስ ሽታ ተቀበለኝ።

«ሰይድ፣ ርቦኛል» አልኩት።

ቆሞ አየኝ። «ምን አልሽ?»

«ርቦኛል።»

ለቅሶ ቤት ሳንደርስ እሱ ማልቀስ ጀመረ። መንገደኛው የሟች የቅርብ ዘመድ መስሎት «አላህ ያጽናህ» ይለዋል። እኔ ጥብሴን በላሁ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ያንን ጣዕም እስክሞት አልረሳውም።

በቀጣዩ ዓመት ማሽላውን ደህና አድርገን አድርቀን፣ ጉድጓዱን በወፍራም ላስቲክ ለብጠን፣ አፉን ሁለቴ ደፍነን አስቀመጥን። ሊከፈት ሲል እማ ሐዋ በርጩማቸውን አስወጥተው ከጉድጓዱ አፍ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ፤ ምርኩዛቸውን ይዘዋል። ሰይድ ከግድግዳው የቀረፈው ጥቂት ነበር። እጄ ሳይታወቀኝ ወደ እሱ ሄደ። ምርኩዙ ቀደመኝ፤ እጄን ባይመታም መሬቱን መታው። ያ ጥቂት ተለይቶ ተቀበረ።

ከዚያ እማ ሐዋ ማዕድ ቤት ገቡ። ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ እርቅ ቢወርድም እጃቸው እሳት ዳር ደርሶ አያውቅም ነበር። አስፈጭተው፣ ራሳቸው አቡክተው የመሃሉን ቂጣ ጋገሩ። እንደ ልማዱ ሰይድ ፊት ይቀርባል ብዬ ስጠብቅ ሰይድ ሳህኑን ተቀብሎ ወደ እኔ ገፋው።

«ልጆቹ ይቅደሙ» አልኩ።

«ለልጆቹ እናት ትቅደምላቸው» አሉ እማ ሐዋ። «ብይ።»

ቆረስኩ። ትኩስ ነው፣ ምንም ምሬት የለውም። እንባዬ ሲመጣ ለመደበቅ ብዬ ግማሹን ለእማ ሐዋ በወተት አረጠብኩላቸውና አጎረስኳቸው፣ ጥርስ የላቸውማ። እኚህ ሴት ስንት ጉድጓድ ሲከፈት ኖረዋል፤ የመጀመሪያውን ቂጣ ለአማታቸው፣ ለባላቸው፣ ለልጃቸው አቅርበዋል፣ እሳቸው ግን ቀምሰውት አያውቁም ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አላመጡና «ለካ ጣዕሙ እንዲህ ነው» አሉ።